የወርቃ ቀትር

ብሌንን ዲላ ውስጥ ያላየ የለም፤ የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። የባጃጅ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ሲሏት ዞር ትልና በጉራጊኛ ስድቡን ታጠጣቸዋለች፤ ያን ጊዜ አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ። ወልቂጤ ተወልዳ ያደገች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ቆዳዋም ፀጉሯም የነጣው አልቢኒዝም ስላለባት ነው እንጂ ባሕር ማዶን በካርታም በደንብ አታውቀው። እኔ በዚህ ጉዳይ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን ባጃጅ አስቁሜ የተሳዳቢውን ጆሮ ልይዝ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን እጄን ጎትታ፣ «ውዳሴ፣ ንዴቱን ሁሉ አንቺ ከጨረስሽው ለእኔ ምን ይቀረኛል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ስሟን ያወጡት አባቷ ናቸው። ብሌን የዓይን ብሌን ነው፤ ሰው የሚሳሳለት ነገር። የልጅቷ ዓይን ግን ብርሃን አይችልም፤ ፀሐይ ሲበረታ ይርገበገባል፣ ሰሌዳም ከፊት ወንበር ካልሆነ አይታያትም። «አባዬ ስሜን ያወጣልኝ ዓይኔን ሳያይ ነው» እያለች ትቀልዳለች። አባትየው ግን በደንብ አይተዋል። ከሰፉት ኮት በተረፈ ጨርቅ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ እየሠሩላት አሳደጓት፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላ። ለትምህርት ዲላ ስትመደብ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ባርኔጣ ይበዛ ነበር።

ብሌን የምትሄደው በጥላ ነው። ጠዋት በዚህኛው የመንገድ ጠርዝ፣ ከሰዓት በዚያኛው። ቀትር ላይ ጥላ ሁሉ ግድግዳ ሥር ሲገባ እሷም ቤት ትገባለች። ልንገናኝ ስንቀጣጠር የቤቱን ስም ሳይሆን የዛፉን ስም ነው የምትነግረኝ። ይህ ቅንጦት አይደለም። ተማሪ ሳለች ከጆሮዋ ሥር አልድን ያለ ቁስል ወጥቶባት፣ ሐዋሳ ድረስ ሄዳ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ሐኪሙ ቁስሉ የፀሐይ ሥራ መሆኑን፣ ደግሞ ከመጣም እንዲህ በቀላሉ እንደማይለቃት ሳይደብቅ ነገራት። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ነገር ስታስብ በጣቷ ትዳስሰዋለች።

የተማረችው ስለ ቡና ጥራት ነው። አፍንጫዋና ምላሷ ዓይኗን ሊክሱ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ የአንዱን ቀበሌ ቡና ከሌላው፣ የወርቃን ከጪጩው፣ ገና ስታሸተው ትለየዋለች። ምን ያደርጋል! ቡና ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ነገር ነው፣ ጥራት የሚቆጣጠር ሰውም ከተሰጣው ቡና ጎን አይጠፋም። ስለዚህ ተመርቃ የገባችው የዚያው ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ሆነ፤ መስኮት የሌለው፣ የወረቀት አቧራ የሚሸት ክፍል። «ቆዳዬ ተደስቷል፣ አፍንጫዬ ግን ሊከሰኝ ነው» ትል ነበር።

እኔ ደግሞ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። የዲላ ልጅ ነኝ፤ አያቴ ከጎጃም ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ዶክተር ከፍያለው የሚባሉ መምህራችን አልትራቫዮሌት ጨረርን፣ ያንን ዓይን የማያየውን ቆዳ ግን አሳምሮ የሚያውቀውን የፀሐይ ክፍል፣ መሬት ላይ መለካት ሲጀምሩ እኔን ያዙኝ። ሦስት መለኪያ ነበረን፤ አንዱ ዲላ እኛው ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ቡሌ ደጋው ላይ፣ አንዱ ከይርጋጨፌ ወዲያ ወርቃ። ለዓይን የሚሞላ ዕቃ አይደለም፤ ትንሽ ነጭ የብርጭቆ ጉልላት የተደፋበት ብረት ነው።

ከሰማይ ደግሞ ሳተላይት አለች። በቀን አንዴ ከምሳ ሰዓት በኋላ በላያችን ታልፋለች፤ ኦዞኑንና ደመናውን ከላይ ታይና ቀትር ላይ መሬት ምን ያህል ጨረር እንደሚደርሰው ታሰላለች። የማታየው ቦታ የለም፣ ግን የምታየው በጅምላ ነው፤ ለእሷ የዲላ ሙቀትና የቡሌ ብርድ አንድ ሰፌድ ላይ ያሉ ናቸው። የእኛ መለኪያ በየደቂቃው ይቆጥራል፣ ከቆመበት ወዲያ ግን አያውቅም። ሥራችን ሁለቱን ማጋባት ነው። ሳተላይቷ ስትሳሳት በመለኪያው እናርማታለን፤ መለኪያ ስለሌለበት ቀበሌ ደግሞ የታረመችውን እሷን እንጠይቃለን። ደስ ሲል! የቡሌን የመጀመሪያ ውጤት ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ሰዉ ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ጨረሩ ከዲላ ይበልጥ ነበር! ለካ ብርድ ጨረርን አይከለክልም፤ ከፍታ ግን ይጨምረዋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን እስክስታ መታሁ።

ይህን የሰማች ብሌን በየጠዋቱ በራችን ላይ መቆም ጀመረች። «ዛሬ ፀሐይ ስንት ትገባለች?» ነው ሰላምታዋ። ከትናንቱ ሰማይ ተነስቼ የምገምተው የቀትር ጨረር ቁጥር ዝቅተኛ ከሆነ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ እያፏጨች ትሄዳለች፤ ለቆዳ እጅግ አደገኛ የሆነውን አሥራ አንድን ካለፈ ምሳዋን እኔ አመላልሳለሁ። ዶክተሩ «ይህን ሥራ ከልቡ የሚጠብቅ አንድ ሰው አገኘን» እያሉ ይስቁ ነበር።

የወርቃው ሠንጠረዥ ግን ጉድ ነበር። ጠዋት ጨረሩ እንደማንኛውም ቦታ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ዘጭ! ከሰዓት እንደገና ብቅ ይልና ቀስ እያለ ይጠልቃል። ሳተላይቷ በበኩሏ በዚያው ሰዓት ወርቃ እየነደደች ነው ትላለች። ዶክተር ከፍያለው አልደነቃቸውም። «ወርቃ ጫካና ኮረብታ ነው። ጠዋት የተነሳው እርጥበት ቀትር ላይ ደመና ይሆናል። ሳተላይቷ በጅምላ ስለምታይ ያቺን ትንሽ ደመና አታገኛትም» አሉኝ። ቀጥለውም «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ መለኪያውን እመኚ» አሉ። መለኪያውን ወርቃ የተከሉት ራሳቸው ናቸው። አጥርና ጥበቃ ስላለው ብለው አንድ ቡና ማጠቢያ ግቢ ውስጥ፣ ቡናው ከሚሰጣባቸው ረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ጫፍ ላይ አቆሙት። ለማድረቂያው አለቃ ለጋሽ ቦናም «አደራ፣ እንደ ቡናዎ አድርገው ይያዙልን» ብለው ተመለሱ።

ያው ማጠቢያ የቡና ጥራት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል የሚል ወሬ ሲመጣ ብሌን ወደ ቤተ ሙከራው በሩጫ ገባች። ስትሮጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«ዶክተር፣ ወርቃ ቀትር ላይ ስንት ናት?»

ሠንጠረዡን ዓይኗ ድረስ አስጠጉላት። «ሁለት። አንዳንዴ ከዚያም በታች።»

«ቀትር ላይ?»

«ቀትር ላይ።»

«እንግዲያው ጠዋትና ከሰዓት ተሸፋፍኜ፣ ቀትር ላይ ደጅ መቆም እችላለሁ?»

«መለኪያው እንደሚለው ከሆነ ትችያለሽ።»

ብሌን ጠባሳዋን ዳሰሰች። «በሕይወቴ ቀትርን ደጅ ቆሜ አይቼው አላውቅም» አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም ተከተልኳት፣ ዶክተሩም ያልቆሸሸ መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። በሳምንቱ መዝገብ ቤቱን ለቅቃ ወርቃ ገባች።

በገባች በሁለተኛው ቀን ጠዋት እኔ ዲላ ቁጭ ብዬ የሰማዩንና የመሬቱን ቁጥር አጋባለሁ። የሚስማሙና የማይስማሙ ቀናትን ስለይ አንድ ቀን ዓይኔን ያዘው። በመለኪያው ብንሄድ ያን ቀን ወርቃ ላይ ፀሐይ ጭራሽ አልወጣችም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ድቅድቅ። ሳተላይቷ ደግሞ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ነበር ትላለች። ቀኑን ተመለከትኩ። ደራሮ! የጌዴኦ የምስጋና በዓል! ያን ዕለት እኔው ዲላ ጭፈራ ልመለከት ወጥቼ፣ ነጠላዬን ራሴ ላይ ደርቤ ፀሐዩን ስረግም ነው የዋልኩት። ከወርቃ የመጡትም ጨፋሪዎች የእነሱም አገር ጠራራ መሆኑን እየነገሩኝ ላባቸውን ይጠርጉ ነበር።

«ደመና በዓል ያከብራል እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

የሌሎቹን ቀናት ቀትር በተራ ደረደርኩ። የእውነት ደመና ሲመጣ ዛሬ ይቀድማል፣ ነገ ይዘገያል፣ ከነገ ወዲያ ይቀራል። የወርቃው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። ይህ ደመና አይደለም፣ ሰው ነው! መለኪያዬን የሚጋርደው ሰው ነው! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ እንቆቅልሽ ሲፈታ የሚሰማ ደስታ እኮ ሌላ ነው። ወዲያው ግን ብሌን ትዝ አለችኝ። ሳተላይቷ እውነቷን ከሆነ፣ ብሌን ዛሬ ቀትር ላይ አሥራ ሦስት በገባች ፀሐይ ውስጥ ባዶ ራሷን ልትቆም ነው።

ደወልኩ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ ደንበኛዋን ማግኘት እንደማይቻል ትነግረኛለች፤ ብሰድባትም ድምጿን አትለውጥም። ዶክተሩ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ነበር። የትምህርት ክፍላችን መኪና ነዳጅ የለውም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ጪጩ ላይ ሰው ሊጭን ቆመ፣ ወናጎ ላይ ሙዝ ሊገዛ ቆመ፤ ረዳቱን አንድ ሁለት ሳልለው አልቀረሁም። ይርጋጨፌ ወርጄ ሞተር ያዝኩ። የሞተረኛውን ጀርባ እየደበደብኩ «ፍጠን! ፍጠን!» ስል፣

«እህቴ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

«ማንም እንዳይሞት ነው! ንዳው!»

የማጠቢያው ግቢ ስደርስ ጥላዬ እግሬ ሥር ገብታ አልቃለች። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ብሌን ከአልጋዎቹ መካከል ቆማለች። ባርኔጣዋ እንጨት ላይ ተሰቅሏል፣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል፣ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ ዓይኗን ጨፍናለች። አንገቷ እንደ በሰለ ቡና ቀልቷል።

«ብሌን! ባርኔጣሽን! ባርኔጣሽን አድርጊ!»

ድምፄን ስትሰማ ፊቷ በራ። «ውዳሴ! መጣሽልኝ! ቆይ፣ ደመናው አሁን ይደርሳል። ትናንትም እንዲሁ ዘግይቶ ነው የቀረው» አለች። ጠብቃዋለች፤ ሠንጠረዡ ነግሯታልና ሁለት ቀን ሙሉ ደጅ ቆማ ደመና ጠብቃለች።

ባርኔጣውን ከእንጨቱ ላይ መንጥቄ ራሷ ላይ ሳደርግላት፣ ከአልጋዎቹ ማዶ የጋሽ ቦና ድምፅ ተሰማ።

«አልብሱ!»

ግቢው ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ ከየአቅጣጫው ጆንያ እያነሱ ቡናው ላይ መዘርጋት ጀመሩ። የታጠበ ቡና የቀትር ፀሐይ ካገኘው ገለባው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በቡና አገር ቀትር ሲሆን ቡና ይለብሳል፣ ፀሐይ ሲበርድ ይገለጣል፣ ማታም ለብሶ ያድራል። ይህን ጌዴኦ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቃለሁ። እና ዓይኔ እያየ፣ ጋሽ ቦና የመጨረሻውን አልጋ አልብሰው ሲያበቁ አንድ ንጹሕ ጆንያ ከብብታቸው አወጡ። በሁለት እጃቸው አራገፉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው፣ መለኪያዬ ላይ አለበሱት።

«ብሌን» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ፣ «ደመናሽ ያውልሽ!»

ጮኼ ነበርና ጋሽ ቦና ደንግጠው መጡ። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ምነው ልጄ? ዶክተሩ እንደ ቡና ያዝ አለኝ። ጠዋት እገልጣለሁ፣ ቀትር አለብሳለሁ፣ ከሰዓት እገልጣለሁ፣ ማታ አለብሳለሁ። አንድ ቀን አልረሳሁም! ቡናው ጠንካራ ሆኖ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፤ እሷ ብርጭቆ ናት፣ አይሰነጥቃትም?» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ኩራት ነበረ። «ቡናው የሚለብሰው አሮጌ ጆንያ ነው። ለእሷ ግን አዲስ!»

«ደራሮ ዕለትስ?»

«ደራሮ ዕለት ሁላችንም በዓል ሄድን። ቡናው ለብሶ ዋለ፤ እሷም ለብሳ ዋለች።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ሳቄ ሲያፈነዳኝ አልጋው ላይ ተደገፍኩ። ጆንያ! ስንት ጊዜ ስለ ኮረብታና ስለ እርጥበት ስንፈላሰፍ የከረምንበት ደመና ጆንያ ነው! ማታ ማታ ቢያለብሱትም ማን ያውቅባቸዋል፣ ማታ ፀሐይ የለ! ወዲያው ግን ወደ ብሌን ዞርኩና ሳቄ ቆመ። አልሳቀችም። ጠባሳዋን እየዳሰሰች ቀና ብላ ሰማዩን፣ ከዚያ የለበሱትን አልጋዎች አየች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ቀትርን አግኝታ ነበር፤ እሱንም እኔ ከዲላ ድረስ መጥቼ ቀማኋት። መዝገብ ቤቱ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሴቶቹ ቡናውን አልብሰው ጨርሰው ባዶ ራሳቸውን ጠራራው ውስጥ ቆመው ያዩናል። አንዷ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«ጋሽ ቦና» አለች ብሌን፣ «ቡናው ለምንድን ነው የሚለብሰው?»

«ፀሐይ እንዳይጎዳው ነዋ፣ ልጄ።»

«እነሱስ?» በአገጯ ወደ ሴቶቹ አሳየች። «እኔስ? ቡና እንኳ ገለባ አለው። እኔንም አልብሱኝ!»

ጋሽ ቦና አንዴ እሷን፣ አንዴ ሴቶቹን አዩ። ከዚያ ወደ መለኪያው ሄዱ፤ አዲሱን ጆንያ ገለጡት፤ ይዘውት መጥተው ብሌንን ከባርኔጣዋ አንስተው እስከ ክርኗ አለበሷት። ሴቶቹ እልል አሉ። ብሌን ከጆንያው ውስጥ መሳቅ ጀመረች፣ እኔም አብሬያት፤ እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ ለራሴም አልገባኝም። ያን ቀን ወርቃ ላይ መለኪያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀትርን በዓይኑ አየ። አሥራ ሦስት ገባ፤ ሳተላይቷ ካለችው ጋር ግጥም!

ዶክተር ከፍያለው ማታ ስደውልላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጎረቤቴ ዓይኑን ተሸፍኖ ነው ለካ ሲመሰክር የከረመው!» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸው ተለወጠና «ብሌን እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁኝ። አንገቷ ተልጦ ሰነበተ፤ ሐኪሟም አይቷት ክፉ ነገር አላገኘባትም። ያን ዜና የሰማሁ ቀን ደስታዬን የቻለው ዲላ ከተማ ብቻ ነው። ዶክተሩም ተረታቸውን ቀይረዋል፤ አሁን ለተማሪ ሁሉ «ሩቅ ዘመድህን ከጎረቤትህ አስተዋውቀው» ይላሉ። ከሰማዩና ከመሬቱ ቁጥር የሠራነው የጨረር ካርታም መለኪያ የማያውቃቸውን ቀበሌዎች ሁሉ ይዞ ወጥቷል።

ብሌን መዝገብ ቤት አልተመለሰችም። ከአልጋዎቹ ጎን አሁን ጋሽ ቦና ለሁሉም በቀርከሃና በእንሰት ቅጠል ያሠሩት ሰፊ ዳስ አለ። እኔ በየጠዋቱ የዕለቱን ቁጥር ለጋሽ ቦና እልካለሁ፤ ቀትር ሲቃረብ «አልብሱ!» ይላሉ። ቡናው ይለብሳል፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ዳሱ ሥር ይገባል፤ ብሌንም የዕለቱን ቡና እያሸተተች በሴቶቹ መካከል ትቀመጣለች። ዳሱ ግድግዳ የለውም። ቀትርን በአራቱም ማዕዘን እያየችው ነው የምትውለው።

ደጅ ፀሐይ ላይ የሚቀረው መለኪያው ብቻ ነው። ጋሽ ቦና አሁንም አንጀታቸው አልቻለም፤ አሻግረው ያዩትና «ምስኪን፣ አዲሱን ጆንያዋን ወሰድንባት» ይላሉ። ጆንያው ግን የትም አልሄደም። ብሌን ወልቂጤ ወስዳው አባቷ ባርኔጣ ሰፍተውበታል፤ በየቀኑ የምታደርገው እሱን ነው።